«የሬሳ ቆጠራ» ያስደነገጣቸው እናት

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ15 ዓመት ሴት ልጅና የ11 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጄ መኪና ውስጥ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ስታወራ ‹ቶኪንግ›፣ ‹ሲቹዌሽንሺፕ› ስትል ሰማሁ። እንግሊዝኛ ለሥራዬ ያህል እችላለሁ፣ ይኼ ግን አልገባኝም። ማታ እሷ ስትተኛ ስልኳን ከፍቼ አየሁ። ግሩፓቸው ውስጥ አንዷ ‹ዲድ ዘይ ሁክ አፕ?› ብላለች። የኔዋ ‹አይ ቲንክ ሶ፣ ሂዝ ባዲ ካውንት ኢዝ ክሬዚ› ብላ መልሳ የሚስቅ ፊት አድርጋበታለች። በስልኬ ብተረጉመው ‹የሬሳ ቆጠራ› አለኝ። ቀሰቀስኳት፣ ጮህኩባት፣ ስልኩን ወሰድኩት። ይኸው አራት ቀን አላናገረችኝም። ልጄ ምን ውስጥ ነው ያለችው? እንዴት ላናግራት? ለአባቷስ ልንገረው? ትንሹ ደግሞ ነጋ ጠባ ‹ደብሊው ሪዝ› ይላል፤ ያም ከዚሁ ነው ወይ? ስሜ ይቆይ።»

መልሱ

ውድ ጠያቂያችን፣

ከሁሉ በፊት የላኩልንን መልእክት ቀስ ብለን እናንብበው። ጓደኛዋ የጠየቀችው «ዲድ ዘይ» ብላ ነው። «እነሱ» ነው ያለችው፣ «እናንተ» አላለችም። ልጅዎም የመለሰችው «ይመስለኛል» ብላ ነው። አንዷ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ ትገምታለች፣ ሁለቱም ቦታው ላይ አልነበሩም። ይኼ በኛ ቋንቋ ሐሜት ይባላል። «እነሱ» የተባሉት የትምህርት ቤት ልጆች ይሁኑ ወይም ማታ ማታ የሚያዩት ተከታታይ ፊልም ላይ ያሉ ሰዎች ከመልእክቱ አይታወቅም፤ በዚህ ዕድሜ ሁለቱም እኩል ይታማሉ። እና «ልጄ ምን ውስጥ ነው ያለችው?» ለሚለው ጥያቄዎ ካነበቡት ነገር የሚገኘው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ቃሉን ታውቀዋለች። አሜሪካ ውስጥ ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ደግሞ አብዛኛው ያውቀዋል፤ የማያውቀውም እንዳወቀ ሆኖ ይስቃል።

ለሌላም ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ዐይንዎ ላይ ሲወድቅ ግሡን ለጊዜው ይተዉትና ባለቤቱን ይፈልጉ። «አይ» ነው፣ «ሺ» ነው፣ «ዘይ» ነው? ቀጥለው ጊዜውን ይዩ፤ የሆነ ነገር ነው የሚወራው፣ የታሰበ ነው፣ ወይስ ቀልድ? የደነገጠ ወላጅ ግሡ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ባለቤቱን ሳያየው ያልፋል። ከዚያ ልጁ ያላደረገውን ነገር «አላደረግኩም» እያለ ሲከራከር ያድራል፤ በማግሥቱ የስልኩን የመክፈቻ ቁጥር ይቀይራል።

የስልክዎ መተርጎሚያ «የሬሳ ቆጠራ» ማለቱ ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። «ባዲ ካውንት» የጦር ሜዳ ቃል ነበር። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ገደልኩ የሚለውን ጠላት ብዛት የሚያወጣው በዚሁ ስም ነው። ዛሬ በልጆቹ አፍ አንድ ሰው እስካሁን ከስንት ሰው ጋር እንደተኛ መናገሪያ ሆኗል። ቃል ለቃል መተርጎም እዚህ የማይሠራው ለምን እንደሆነ እርስዎ ከኛ አያጡትም። አዲስ አበባ ውስጥ «እከሌ እከሊትን ጠበሳት» ሲባል ሰምተው ከሆነ ከሰልና መጥበሻ አልታየዎትም። እናትዎ ግን ከጓዳ ሆነው ሰምተው ቢሆን ምን እንደሚያስቡ ይገምቱት። አሁን የእናትዎ ቦታ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት።

ቃላቱን እንደ ደረጃ ቢያስቧቸው ይቀላል። ታችኛው «ክራሽ» ነው፤ መውደድ ብቻ፣ ያኛው ወገን ላያውቅም ይችላል። ቀጥሎ «ቶኪንግ» ይመጣል። ቃሉ «ማውራት» ነው፣ ግን ማንኛውንም ወሬ ማለት አይደለም። ሁለት ልጆች እንደሚፈላለጉ ተዋውቀው በየቀኑ መልእክት ይጻጻፋሉ፣ ስም ግን አልሰጡትም። ከትምህርት ቤት ውጭ አንድም ቀን ሳይገናኙ ወር «ቶኪንግ» ላይ የሚቆዩ ሞልተዋል። «ሲቹዌሽንሺፕ» ከዚያ ከፍ ይላል፤ አብረው ይውላሉ፣ ይቀናናሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ «ምንድን ነን?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። አንደኛው ፍቅር ይዞት ሌላው ጊዜ ማሳለፊያ ያደረገው እንደሆነ የሚለቀሰው እዚህ ላይ ነው። ሴት ልጅ በሯን ዘግታ ስታለቅስ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ወላጅ የሚፈራው «ሁክ አፕ» ሳይሆን ይኼ ስም የሌለው ነገር ነው። «ዴቲንግ» ላይ ሲደርስ ነገሩ በይፋ ሆኗል፣ ጓደኞች ሁሉ ያውቃሉ።

«ሁክ አፕ» አስቸጋሪው ነው፤ ትርጉሙ ሆን ተብሎ የላላ ነው። ግብዣ ላይ ከመሳሳም ጀምሮ እስከ ወሲብ ድረስ ያለውን ሁሉ ይይዛል። ልጆቹ የሚወዱትም ለዚሁ ነው፤ ወንዱ ሰው ከሆነው በላይ እንዲገምትለት ይለዋል፣ ሴቷ ከሆነው በታች እንዲገመትላት ትለዋለች። ስለዚህ ቃሉን ብቻ ሰምቶ የሆነውን ማወቅ አይቻልም፤ ጓደኞቻቸውም «ዋት ካይንድ?» ብለው ነው የሚጠይቁት። «ስማሽ» ግን አያሻማም፣ ወሲብ ማለት ነው። ሆኖም «ስማሽ ኦር ፓስ» የሚባል ጨዋታ አለ። የታዋቂ ሰው ወይም የካርቱን ሥዕል እየታየ «ያምራል»፣ «አያምርም» የሚባልበት ነው፤ ስሙ ሻካራ ነው፣ ከስሙ ያለፈ ነገር የለውም። «ስኒኪ ሊንክ» በድብቅ የሚያገኙት ሰው ነው። «ኔትፍሊክስ ኤንድ ቺል» እ.ኤ.አ. ከ2015 አካባቢ ጀምሮ የታወቀ ሽፋን ነው፤ ፊልም እንይ ብሎ ሌላ ማሰብ። አሁን አርጅቶ የቀልድ ነገር ሆኗል። «ቺል» ብቻውን ከመጣ ግን አያስቡ፣ መዝናናት ወይም «ተረጋጋ» ማለት ነው።

የሚመስሉና ያልሆኑም አሉ። «አይ ሺፕ ዴም» ማለት «እነዚህ ሁለቱ ቢዋደዱ ደስ ይለኛል» ነው። ሴት ልጆች እርስ በርሳቸው «ቤብ»፣ «ማይ ዋይፍ» ቢባባሉ የጓደኝነት ቁልምጫ ነው።

በጽሑፍ ደግሞ የተደበቀ አጻጻፍ ይገጥምዎታል። እንደ ቲክቶክ ያሉ መድረኮች አንዳንድ ቃላትን ስለሚያጣሩ ልጆቹም ትልልቆቹም በሌላ ይተኳቸዋል። የበቆሎ ሥዕል ወይም «ኮርን» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የብልግና ፊልም ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ ቃሉ ከ«ፖርን» ጋር ቤት ስለሚመታ ነው። «ሴግስ» ከተባለ ሴክስ ማለት ነው። ሐምራዊው የኤግፕላንት (የደበርጃን) ሥዕል የወንድ ብልት፣ የኮኩ ሥዕል መቀመጫ ይሆናል። ልጅዎ በክረምት የበቆሎ እሸት ፎቶ ስር የበቆሎ ሥዕል ብታስቀምጥ ግን በቆሎ ነው። እዚህም ባለቤቱንና ዐውዱን ነው የምናየው።

አንድ ቃል ሲያጠራጥርዎ ኧርባን ዲክሽነሪን መመልከት ይችላሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ያለ የአራዳ ቃላት የኢንተርኔት መዝገብ ነው። ማንም ሰው እንደፈለገ ስለሚጽፍበት ግን በጣም አስቀያሚው ትርጉም ብዙ ጊዜ የአንድ ቀልደኛ ፈጠራ ነው። ሦስት አራቱን አንብበው የሚደጋገመውን ይውሰዱ። ደግሞ ከነዚህ ቃላት ብዙዎቹ ከጥቁር አሜሪካውያን አነጋገር የወጡ ናቸው። «የዱርዬ ቋንቋ» ብለው ሲያጣጥሉት ልጅዎ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ጥቁር ልጅ ሆና የምትውለዋ፣ ሌላ ነገር ነው የምትሰማው።

እስካሁን ካልነው ሁሉ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሣ የለም። የሚነሣው ሌላ ነው፣ ብዙ ጊዜም በአራዳ ቃል አይመጣም፤ በተራ እንግሊዝኛ ነው። «ፎቶ ላኪልኝ»፣ «ለማንም እንዳትናገሪ»፣ «ወደ ስናፕቻት እንዛወር» (መልእክት ቶሎ የሚጠፋበት መተግበሪያ ነው)፣ «ዕድሜዬ ምንም አይደለም»፣ «ጊፍት ካርድ ግዛና ኮዱን ስጠኝ»። የማታውቀው ሰው እነዚህን ሲደራርብ ጉዳዩ ማሽኮርመም መሆኑ ቀርቷል። «ኑድስ» የሚለውን ቃል ግን ይያዙት፤ የራቁት ፎቶ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወንድ ልጅዎ እናንሣ። ቤታችን ውስጥ ሴቷ ትጠበቃለች፣ ወንዱ «ወንድ ነው» ተብሎ ይለቀቃል። ቆንጆ ልጅ መስሎ ቀርቦ ፎቶ ተቀብሎ «ገንዘብ ካልላክህ ለትምህርት ቤትህ ሁሉ እበትነዋለሁ» የሚለው ማጭበርበር፣ እንግሊዝኛው «ሴክስቶርሽን» የሚለው፣ በብዛት የሚመታው ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንዶችን እንደሆነ ኤፍ ቢ አይ ያስጠነቅቃል። ትንሹ 11 ነው፤ ሦስት ዓመት አለዎት። ይህ ቢደርስ ገንዘብ አይከፈልም፣ የከፈለ ሰው ይበልጥ ይጠየቃል። መልእክቱም አካውንቱም አይሰረዝም፤ የአስፈራሪውን ስምና ማስፈራሪያውን በስክሪንሹት ይያዙ፣ ከዚያ ብሎክ አድርገው ለመተግበሪያውና ለኤፍ ቢ አይ ያመልክቱ። የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል በ1-800-843-5678 ጥቆማ ይቀበላል። ይኸው ማዕከል በ2023 «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት ጀምሯል። ምስሉ ከስልክዎ ሳይወጣ ዲጂታል አሻራው (ምስሉን የሚለየው ኮድ) ብቻ ይወሰድና አብረውት የሚሠሩት መድረኮች ያንን ይዘው ምስሉን ያግዳሉ። አዲስ አበባም ዱባይም ያለ ሰው ይጠቀምበታል። ልጁ ራሱን የመጉዳት ነገር ከተናገረ ወደ 988፣ ወደ አሜሪካው ራስን የማጥፋት መከላከያ መስመር፣ በማንኛውም ሰዓት ይደወላል።

ብዙ ወላጅ በቅንነት የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ልጁ ስልክ ላይ የራቁት ፎቶ ሲያዩ «ማስረጃ ነው» ብለው ወደ ራሳቸው ስልክ ይልኩታል፣ ወይም ለባላቸው፣ ለወንድማቸው ያስተላልፉታል። እንዳያደርጉት። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወሲባዊ ምስል ራሱ ልጁ ያነሣው ቢሆንም የተከለከለ ነው፣ ማስተላለፍም ወንጀል ነው። ስክሪንሹት የሚወሰደው የጽሑፉና የስሙ ብቻ ነው።

ወደ ልጅዎ እንመለስ። አራት ቀን ዝምታ የመጣው ከቃሉ አይደለም፤ ተኝታ ሳለ ስልኳ ስለተከፈተና ተቀስቅሳ ስለተጮኸባት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚናገሩት ስለ «ሁክ አፕ» መሆን የለበትም። ዛሬ ማታ፣ ትንሹ ሲተኛ፣ እንዲህ ይበሉ፤ «እሑድ ማታ ሳላስፈቅድሽ ስልክሽን ከፍቻለሁ። ከእንቅልፍሽ ቀስቅሼ ጮህኩብሽ። የጮህኩት ቃሉ ስላልገባኝ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ከዚያ ዝም ይበሉ። «ግን አንቺም...» የምትለዋ ከአፍዎ እንዳትወጣ፤ ይቅርታው ያኔ ይበላሻል። ምናልባት «ኦኬ» ብቻ ብላ ትገባለች። ይበቃል፣ ለዚያ ቀን ሌላ አይጨምሩ።

ሁለተኛውን ወሬ መኪና ውስጥ ያድርጉት። ፊት ለፊት ተቀምጦ ዐይን ለዐይን መተያየት ለኛ መከባበር ነው፣ ለ15 ዓመት ልጅ ግን ፍርድ ቤት ነው። መኪና ውስጥ ሁለታችሁም መንገዱን ታያላችሁ፣ መውረጃውም ይታወቃል። ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። «ሲቹዌሽንሺፕ የሚሉት ከዴቲንግ በምን ይለያል?» ብለው ይጠይቋት። «ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ» ትላለች። ትሣቅ። ከዚያ ማስረዳት ትጀምራለች፤ በዚህ ዕድሜ ወላጅ የማያውቀውን ማወቅ ደስ ይላል። ተከትለው ስለ ራሷ አይጠይቁ፣ ስለ ሌሎች ይጠይቁ። «እንደዚያ ሲሆን ልጆቹ አይጎዱም?»፣ «ባዲ ካውንት ሲባል ወንዱም ሴቷም እኩል ነው የሚሳቅባቸው?» ይህች የመጨረሻዋ ጥሩ ጥያቄ ናት፤ ወንዱ ሲጨበጨብለት ሴቷ እንደምትሰደብ ልጅዎ ከኛ በላይ አይታዋለች፣ ብዙ የምትለው ይኖራታል። ስለ እነሱ እያወራች ስለ ራሷ ትነግርዎታለች። «አንቺስ አድርገሻል?» የሚለው ጥያቄ ግን መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፦ «ኖ!»

ቃላቸውን ይወቁት እንጂ አይናገሩት። እናት «አር ዩ ቶኪንግ ቱ ሰምዋን?» ስትል ልጅ ጆሮውን ይይዛል። የኛም ቃላት ችግር አለባቸው። «ጓደኛ አለሽ?» ሲሏት ልጅዎ «ብዙ» ትላለች፤ እርስዎ ስለ አንዱ ነው የጠየቁት፣ እሷ ፍሬንድ መስሏታል። «ግንኙነት» የሚለውም ዜና ላይ የመንግሥታት ነው፣ ክሊኒክ ውስጥ ሌላ ነው። በአማርኛ ጀምረው ቁልፏን ቃል በእንግሊዝኛ ይበሏት፤ «ቦይፍሬንድ» ማለት ቦይፍሬንድ ነው። «ነውር» የሚለውን ግን ለሌላ ቀን ያስቀምጡት። ያቺ ቃል ወሬ ትዘጋለች፣ የተዘጋውን ደግሞ ስልክ ይከፍተዋል።

ይህ ማለት እምነትዎን ይደብቁ ማለት አይደለም። አንዴ፣ በአጭሩ፣ ሳይደጋግሙ ይናገሩት፤ «የኔ ምኞት ትምህርትሽን እስክትጨርሺ እንድትቆዪ ነው። አንድ ነገር ቢፈጠር ግን ቀድመሽ ወደኔ ነው የምትመጪው። አልቆጣም ብዬ አልዋሽሽም፣ እቆጣ ይሆናል፤ ግን አልተውሽም።» «በፍጹም አልቆጣም» ያለች እናት በመጀመሪያው ቁጣ ላይ ውሸታም ትሆናለች፤ ይኼኛውን ግን ልጅ ያምነዋል።

አድርጋ ብትገኝስ? ያኔ ሐኪም ነው የሚቀድመው፣ የንስሐ አባት በኋላ ይደርሳሉ። ሜሪላንድ ውስጥ እርግዝናን፣ የእርግዝና መከላከያንና የአባላዘር በሽታን በሚመለከት ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ራሷ ፈቅዳ መታከም ትችላለች። የልጆች ሐኪሟ በዓመታዊው ምርመራ ላይ «እናት ለጥቂት ደቂቃ ይውጡልን» ቢልዎት ቅር አይበልዎ፤ ለሁሉም ልጅ የሚደረግ ነው፣ እሷም እርስዎን የምታፍረውን ለሐኪሙ ትናገራለች።

ስልኳን ማታ ከመክፈት ደግሞ የተሻለ መንገድ አለ። ስናፕቻት «ፋሚሊ ሴንተር» የሚባል ነገር አለው። እሷ ከተቀበለችው፣ ባለፉት ሰባት ቀናት ከማን ጋር እንደተጻጻፈች ያሳይዎታል፣ የተጻፈውን ግን አያሳይም። ከማን ጋር የሚለው ነው ለእርስዎም የሚጠቅምዎ፤ የጓደኞቿን ሐሜት አንብበው ምን ሊያደርጉት ነው?

ለአባቷ ይንገሩት፣ ግን ከእሷ ጋር ከታረቃችሁ በኋላ፣ ለእሷም «ለአባትሽ ልነግረው ነው» ብለው አስቀድመው አሳውቀው። ሲነግሩትም የሆነውን ብቻ ነው፤ «ስለ ሌሎች ሲያወሩ አንብቤ ደነገጥኩ»። «ልጅህ እንዲህ አለች» ብለው ከጀመሩ ቀሪውን አይሰማም። ለእኅትዎ በስልክ ያማከሩ እንደሆነ ግን ወሬው እስከ ቅዳሜ አዲስ አበባ ደርሶ፣ አክስት ደውላ ልጅዎን «ሰማሁ እኮ» ትላታለች። ያኔ አራት ቀን ሳይሆን አራት ወር ነው።

የትንሹ ነገር ቀላል ነው። «ሪዝ» ከ«ካሪዝማ» መሐል ተቆርጦ የወጣ ቃል ነው። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አሳታሚ የ2023 የዓመቱ ቃል ብሎ መርጦታል። በኛ «ጅንጀና ይችላል» የምንለው ነው። «ደብሊው» የ«ዊን» መጀመሪያ ፊደል ነው፣ «አሸነፈ» እንደማለት፤ ተቃራኒው «ኤል ሪዝ» ነው። የ11 ዓመት ልጅ ለሁሉም ነገር ይለዋል። እሑድ ዶሮ ወጥ ላይ ሁለት እንቁላል ከደረሰው እሱም «ደብሊው» ነው፣ ይተዉት። የታላቋን ስልክ ግን ዛሬ ማታ ሲመልሱላት ቻርጅ አድርገው ይመልሱላት፤ አራት ቀን መሳቢያ ውስጥ ቆይቷል፣ ባትሪው አልቋል።